ባለድርሻ

ነጭ ወረቀት አነጠፉ፣ እንደ አልጋ ልብስ የሰፋ፤
ጥግ ጥጉን የሻይ ብርጭቆ ጫንኩበት፣ የማቀዝቀዣው ነፋስ እንዳይገፋ።
የኡሙልቁዌንን ኾር ሣሉ፣ ባሕር ወደ የብስ የሰደደውን ክንድ፣
ከጨው ውኃ የሚበቅለውን ዛፍ፣ የዓሣ ጫጩት የሚደበቅበትን ግንድ።

ዶክተር ሹሩቅ ብዕር አደለች፦ «ኾራችን ለምን እንደታመመ
ብቻዬን ብሥለው የኔ ሕልም ነው፤ ይናገር እዚህ የከረመ።»
ባለድርሻ አካላት አለቻቸው፤ ቃሉን በልቤ ወደ አማርኛ ስመልሰው
የቀበሌያችን ስብሰባ ትዝ አለኝ፣ ያ ለስላሳና አበል የሚከተለው።

እኔ ትሪ ይዤ ቆሜያለሁ። አካሉስ ሞልቶኝ፦
ወገብ አለኝ፣ ጉልበት አለኝ፣ ክሎሪን ያነጣው እጅ አለኝ፤
ድርሻዬን ነው ማን እንደያዘብኝ ያጣሁት፣
ትሪው ላይም ፈልጌ ያላገኘሁት።

ሽማግሌው ጁምዓ በጣቱ አሳየ፦ «እዚህ፣ በአባቴ ዘመን፣
ዓሣው በገዛ ክንፉ ጀልባ ይገባ ነበር።»
የኬረላው ኩንጁሞን ሣቀ፦ «ያንተ አባት ቆጠረው፤
መረቡን የሳበው የኔ አባት ነበር።»
መሐንዲስ ጋሳን ከጨው ማጣሪያው ቁጥር ይዞ መጥቷል፤
«የምንመልሰው ውኃ በልኩ ነው፤ ሙቀቱም ጨውም ተለክቷል።»
የሆቴሉ ሰው ስለ ሽታ ብቻ አወራ፣
እንግዳው ሁሉ አፍንጫ ብቻ ይመስል፤ ከዚያ ስልኩን አበራ።

ክብ ሣሉ። ከክብ ወደ ክብ ቀስት ወረወሩ፤
ሙቀት፣ ጨው፣ ዋቅላሚ፣ የመረብ ብዛት፣ የዓሣ ዋጋ፦ ሁሉም በየክባቸው ታሰሩ።
ኮምፒውተሩ አስልቶ አንድ መስመር አወጣ፣ ቀጥ ያለ፣ ጤነኛ፤
በመስኮቱ በኩል ግን ዓሣው ሆዱን ለሰማይ ሰጥቶ ተኝቷል፣
እንደ ደከመ መንገደኛ።

«የጎደለ ክብ አለ» አለች። የቴምር ፍሬ አደለች፣
ሁሉም የሚያውቀው ቦታ ላይ እንዲያኖር፤ ወደ እኔም ዞር አለች።
«አንቺስ፣ አመለወርቅ?» ስሜን ከነወርቁ ጠራችው፤
አሠሪዎቼ «አማል» ብለው ከወገቡ የቆረጡትን ቀጠለችው።

ትሪውን አስቀመጥኩ።
ከሌሊቱ አሥር ሰዓት ወለል ላጥብ ስመጣ፣
ከአዳራሹ ጀርባ፣ መብራቱን አጥፍቶ፣ አንድ የፍሳሽ መኪና ቱቦ ያወጣ፣
ኾሩ ውስጥ ይተፋ ነበር። አይቼ ወለሌን አጠብኩ።

ፍሬው ግን ከእጄ አልለቅ አለ። ሾፌሩን አውቀዋለሁ፤
ሸፊቁል ነው፣ ሰባት ወር ያልተከፈለው።
ረመዳን ላይ ከዳቦው ገምሶ ሰጥቶኝ በልቻለሁ።

አኖርኩት። ዶክተሯ «ሾፌር» ብላ ልትከብበው ስትል እጇን ያዝኩ።
«ቀስቱ ከዚህ አይነሣም፤ ወደ ኋላ ሳቢው፣» አልኩ
በተሰባበረ ዐረብኛዬ፤ «ወደ ነዳጁ ሒሳብ፣ ወደ ፈረመው እጅ፣
ወደ ቪላዎቹ መታጠቢያ፣ ወደ ማከሚያ ጣቢያው ርቀት፣ እስከዚህ ደጅ፤
የኔም ባልዲ እዚያው ነው የሚደፋው።»
ማንም የተነፈሰ የለም፤ ማቀዝቀዣው ብቻ ነው ያንኮራፋው።
ጋሳን ቁጥሩን ገለበጠ። ጁምዓ እፍኝ ሙሉ ፍሬ ከእኔዋ ጎን ከመረ፤
የሆቴሉ ሰው የራሱን ፍሬ ኪሱ ከትቶ ቀረ።

መስመሩ እንደገና ተሰላ፤ ጎበጠ፣ ወረደ፣ ኾሩን መሰለ።
ማንም አላጨበጨበም፤ ለመርዶ ማን እጁን ያነሣል፣ ልክ ነው ስለተባለ?

የስም መቆጣጠሪያ ዞረ፦ ስም፣ ፊርማ፣ «የማን ተወካይ» የሚል ዓምድ።
ጁምዓ የማኅበሩ። ጋሳን የማጣሪያው።
እኔ ጋ ሲደርስ ብዕሩ ቆመ፣ ልቤ ወዲያና ወዲህ ሲሄድ፦
ሸፊቁል ዛሬ ሌሊት ይመጣ ይሆን? መኪናውንስ ወዴት ያዞር ይሆን?
ወይስ ቀስቱ መንገድ ላይ ደክሞ እርሱ ላይ ያርፍ ይሆን?

ስሜን በፊደሌ ጻፍኩ፣ ከነወርቁ፤
ከጎኑም «የባልዲው» አልኩ። ፊደሉን አያነቡም፤ ግን አልጠየቁ።
ብርጭቆዎቹን ልሰበስብ ተመለስኩ፤
ጥጉን ስለቀው
ባሕሩ ራሱን ጠቀለለ።